የዘጠኝ ቁጥር እንግዳ

ሴፕቴምበር 14፣ ሰኞ

የመዝገበ ቃላታችን አዲስ እትም የአራተኛው ቅጽ ፕሩፍ፣ ከመታተሙ በፊት የሚታረመው ቅጂ፣ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። አምስት መቶ ገጽ፣ በገመድ የታሰረ። ከቃል ፊት ስለሚለጠፉት የላቲን የቁጥር ባዕድ መነሻዎች የሠራሁት ሰንጠረዥ ገጽ 311 ላይ ነው። ገመዱን ፈትቼ እስከ ገጽ 300 አነበብኩ። ከዚያ «ዓይኔን አመመኝ» ብዬ ወጣሁ። ዓይኔን አላመመኝም።

ሴፕቴምበር 17፣ ሐሙስ

ገጽ 311። አንብቤዋለሁ።

ከአንድ ይጀምራል፤ «ዩኒ»፣ የዩኒፎርም መነሻ፣ አንድ ዓይነት ልብስ። ከዚያ ሁለት፤ ጥንት «ዱኢ» የነበረው በሰው አፍ ሲንከባለል ኖሮ «ቢ» ሆነ። ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ሁሉም በየቦታቸው ናቸው። ዓመቱ ከማርች ይጀምር በነበረበት ዘመን ሰባተኛ፣ ስምንተኛ፣ ዘጠነኛና አሥረኛ የነበሩት ወሮች፣ ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር፣ ዛሬም ያንኑ ስም እንደያዙ ሁለት ሁለት ቤት ሸሽተው ተቀምጠዋል። መጨረሻ ላይ «ሚሊ»። በላቲን ሺህ ማለት ነው፤ በሚሊሜትር ውስጥ ግን ሺህኛ ሆነ፣ የመለኪያ ሠሪዎቹ ለማብዣ ግሪክን፣ ለመከፋፈያ ላቲንን ስለመረጡ። ቃል ሺህ እጥፍ አንሶም ስሙን አይቀይርም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ደጋግሜ አመሳክሬዋለሁ።

በዘጠኝ ረድፍ ላይ ግን አንድ ውሸት አለ። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

በወረቀት ላይ ሳሰፍረው ይህ የመጀመሪያዬ ነውና በቅጡ ልጻፈው። የአሳታሚ ቤታችን ልማድ ነው። በምናሳትመው መዝገበ ቃላት በእያንዳንዱ ቅጽ ውስጥ አንድ የፈጠራ ነገር ይገባል፤ «እንግዳ» እንለዋለን። ሌላ አሳታሚ ሳይደክም የእኛን ቢገለብጥ እንግዳውንም አብሮ ይገለብጠዋል፤ ሌብነቱ በዚያ ይያዛል። እንግዳው የት እንደተቀመጠ የሚያውቁት የጻፈው ሰውና ኃላፊው ብቻ ናቸው። ነገሩ በታሸገ ፖስታ ይቀመጣል። የያኔው ኃላፊ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ውሸት የሚያምረው ከእውነት ጋር አጥር ሲዋሰን ነው» ይለኝ ነበር።

ሮማውያን አሥራ ዘጠኝን «ከሃያ አንድ ሲጎድል» ይሉት እንደነበር የታወቀ ነው። እኔ አንድ እርምጃ ጨመርኩ። «የጥንት ግንበኞች ዘጠኝን በስሙ መጥራት ስለሚፈሩ ‹ከአሥር አንዱ የቀረ› ይሉት ነበር፤ በአንድ ግንበኛ የመቃብር ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ተገኝቷል» ብዬ ጻፍኩ። ግንበኛ የለም። ድንጋይ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው።

ማንን ይጎዳል ብዬ ነበር።

ሴፕቴምበር 20፣ እሑድ

ጉንዳኔ መጣች። የእህቴ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የእኔ ናት። ከራሷ የሚከብድ መጽሐፍ ተሸክማ ከክፍል ክፍል ስለምትዞር ጉንዳን ያልኳት እኔ ነኝ። አሁን የምትኖረው ዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ውስጥ ነው፤ እሑድ እሑድ ልብሷን ልታጥብና ልትሟገተኝ ትመጣለች።

«እቴቴ! ቀን ተቆረጠልኝ!» አለች ጫማዋን ሳታወልቅ። «ዲፌንሴ ኖቬምበር አሥራ ሦስት ነው!»

«እሰይ!»

«አፍሽ ነው እሰይ የሚለው። ፊትሽን በመስታወት እዪው።»

«ደክሞኝ ነው።»

«አንቺ ደግሞ ፕሩፍ በመጣ ቁጥር አራስ ትመስያለሽ።»

በዲፌንሱ ቀን በፈታኞች ፊት ቆማ የምትሟገትለት የመመረቂያ ጽሑፏ የላቲን የቁጥር መነሻዎች እንዴት ወደ ዘመናዊ ቋንቋዎች እንደገቡ ይተነትናል። ስድስት ምዕራፍ አለው። አራተኛው ስለ ዘጠኝ ነው፤ ስለ ግንበኞቹ ፍርሃት፣ ስለ ድንጋዩ። አማካሪዋ «የሥራሽ ልብ ይሄ ነው፤ ማንም ያልነካው ነገር ነው» ብሏታል። እውነቱን ነው። ማንም አልነካውም።

ልብሷ በማሽኑ ሲሽከረከር ምዕራፉን ሰጠችኝ። ግንበኛው ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ መቁጠር ጀመርኩ። ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። ያለ እሱ አርባ ሁለቱ ገጾች ባዶ ወረቀት ናቸው፣ የቀሩት ምዕራፎችም የተለመደ ነገር ናቸው። ሁለት ዓመቷ በእነዚያ ገጾች ላይ ነው ያለው።

አልነገርኳትም። ቸኩላ ነበር። ልብሱም ገና እርጥብ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ።

ሴፕቴምበር 23፣ ረቡዕ

ፕሩፉ አርብ ይመለሳል። እንግዳውን ልሰርዘው? ብሰርዘው አዲሱን እትም አይታ «ለምን ወጣ?» ትለኛለች። እርሳሱን አነሳሁ። አስቀመጥኩት። እንደነበረ ይቆይ።

ሴፕቴምበር 27፣ እሑድ

አልመጣችም። ጉንፋን ይዟታል። ደስ አለኝ። ልጁ ሲታመም ደስ የሚለው ሰው ምን ይባላል? ሠላሳ ዓመት በቃላት መካከል ኖሬ ለዚህ ቃል የለኝም።

ኦክቶበር 1፣ ሐሙስ

ኃላፊው ሰበሰበን። እዚህ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እኛ ግን አሁንም «አዲሱ» እንለዋለን። አንድ ሌላ አሳታሚ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት አውጥቷል። አዲሱ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ዘርግቶ ዘጠኝ ረድፍ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ግንበኛው እዚያም አለ፣ ከነመቃብሩ።

«ተያዙ!» አለ።

ፖስታውም ከመዝገብ ቤት ቁም ሳጥን ተገኝቷል። የሟቹ ማኅተም፣ የእኔ ፊርማ። ኖቬምበር 20 ክስ ይመሠረታል፤ በዚያው ቀን እንግዳው ማን እንደሆነ በጋዜጣ ይወጣል።

«እርስዎ የዚህ ቤት ጀግና ነዎት» አለኝ። ተጨበጨበልኝ።

አራሚው፣ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የሚጋራው ሽማግሌ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እሜቴ፣ ይህን ሁሉ ዘመን አብሬሽ ሻይ ስጠጣ እንዲህ ያለሽ ቀጣፊ መሆንሽን ደብቀሽኝ ኖረሻል?»

እየቀለደ ነበር። ሲቀልድ ቅንድቡ ይነሳል፤ ዛሬም ተነስቶ ነበር። ይመስለኛል።

«እስከዚያ ቀን ድረስ» አለ አዲሱ በሩን ይዞ፣ «ከዚህ ክፍል አንድ ቃል እንዳይወጣ። ለባል አይነገር፣ ለሚስት አይነገር፣ ለልጅም አይነገር።»

እፎይ አልኩ። ለምን እፎይ እንዳልኩ አልገባኝም።

ኦክቶበር 4፣ እሑድ

መጣች። ተሽሏታል። ስለ አየሩ አወራን። ምን ላድርግ፣ ታዝዣለሁ። ትእዛዝ ጥሼ አላውቅም።

ኦክቶበር 11፣ እሑድ

«መቅድሙን ላንብብልሽ» አለች። «ካለቀስሽ ግን ጥዬሽ እሄዳለሁ።»

ቆማ አነበበችልኝ፣ ልጅ ሳለች የቤት ሥራዋን እንደምታነበው፣ አንድ እጇ ከጀርባዋ። «ያሳደገችኝ አክስቴ ቃልን መጠርጠር አስተማረችኝ» ይላል። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ከዚያ እንዲህ አለች።

«‹አያቴ አሥር ልጆች ወልዳ አንዱ በሕፃንነቱ ሞተባት። ስንት ልጅ አለሽ ሲሏት ዘጠኝ ብላ አታውቅም። አሥር፣ አንዱ የቀረ ነበር መልሷ። አያቴና የጥንቶቹ ግንበኞች ሳይተዋወቁ አንድ ፍርሃት ተካፈሉ።›»

«ከየት አመጣሽው?» ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«እናቴ ነግራኝ መሰለኝ። ወይ አንቺ። አይገርምም ግን? ልክ እንደ ግንበኞቹ እኮ ነው!»

አይገርምም። ያን ረድፍ ስጽፍ እናቴ፣ የእሷ አያት፣ ከሞተች ሦስተኛ ወሯ ነበር። ለዘጠኝ የሚሆን ውሸት ስፈልግ ቀድማ የመጣችልኝ እሷ ናት። መዶሻ አስያዝኳት፣ ሁለት ሺህ ዓመት ወደኋላ ወሰድኳት፣ ድንጋይ አቆምኩላት። ያን ጊዜ ግን እንዲህ ብዬ ያሰብኩ አይመስለኝም። ምናልባት ይህንንም አሁን እየፈጠርኩት ይሆናል። የፈጠርኩትንና የነበረውን የሚለይልኝ ሰው አጠገቤ የለም።

«ይህን አውጪው» አልኳት።

«ለምን?»

«የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ጥናት አይደለም።»

«እቴቴ፣ መቅድም እኮ ነው! በመቅድም እንኳ የልቤን ካልተናገርኩ የት ልናገር?»

ግንባሬን ሳመችኝ። የሳምንቱን ልብሷን አጥባ አጣጥፋ ሄደች። አንድ ካልሲ ረስታለች። ከምሽቱ ጀምሮ በእጄ ነው።

ኦክቶበር 20፣ ማክሰኞ

ከቢሮ ደወልኩላት። አራሚው ወጥቶ ነበር።

«ጉንዳኔ።»

«ወዬ።»

«ምዕራፍ አራት… አንድ ምንጭ ላይ ብቻ ነው የቆመው።»

«ሁለት ናቸው እንጂ። የእናንተና አዲሱ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት። ‹ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ምንጮች ይስማማሉ› ብዬ ትናንት ጨመርኩበት።»

ሌባውን ምስክር አድርጋ አቁማዋለች።

«ቢሆንም፣ ድንጋዩን በዓይኑ ያየ ሰው ብትፈልጊ…»

«አሁን ከየት ላምጣ? ደግሞ አንቺ አይተሽ አይደል እንዴ የጻፍሽው?»

መስመሩ ተቋረጠ። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ኦክቶበር 27፣ ማክሰኞ

የውጭ ፈታኙ ታወቀ። ተማሪዎቹ «መጋዙ» ይሉታል። በእግሩ ሄዶ ያልዳሰሰውን ድንጋይ አያምንም አሉ። ጉንዳኔ ፈነደቀች። «መጋዝ ያልነካው እንጨት ወንበር አይሆንም» ትለኛለች።

ለካፖርቴ አዝራር ልገዛ ገብቼ ሻጯ «ስንት ልስጥዎት?» አለችኝ። የምፈልገው ዘጠኝ ነበር። ቃሉ አልወጣ አለኝ። ጣቶቼን አሳየኋት። እንደ ዲዳ አዘነችልኝና ቀስ ብላ፣ ጮክ ብላ ታናግረኝ ጀመር።

ኖቬምበር 3፣ ማክሰኞ

የመመረቂያ ጽሑፏ ተጠርዞ ገባ። ጥቁር ሽፋን፣ የወርቅ ፊደል። አንዱን ቅጂ አመጣችልኝ።

አሁንማ ጊዜው አልፏል። ብነግራት ማሰቃየት ብቻ ነው። ከዲፌንሱ በኋላ፣ ከክሱ በፊት፤ በመካከል ሰባት ቀን አለ። ደስ ብሏት፣ ተመርቃ፣ አርፋ። ያን ጊዜ ቀስ አድርጌ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ትኩሳት ያለብኝ ይመስለኛል።

ኖቬምበር 8፣ እሑድ

ለልምምድ ብላ አልመጣችም። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ስለዚህ እስከ ዛሬ የዘለልኩትን ልጻፍ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ርዕስ ሳትመርጥ፣ ቅጽ አራትን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። ሳህን እያጠብኩ ነበር። «እቴቴ፣ ይሄ የግንበኞቹ ነገር የሚታመን ነው? ሌላ ቦታ ፈልጌ አጣሁት» አለችኝ።

ጠየቀችኝ። በግልጽ ጠየቀችኝ።

ምሥጢሩ ይዞኝ ነው ስል ኖርኩ። ነገር ግን «ርዕስ ቀይሪ፣ ይሄ አይመችሽም» ማለት ምሥጢር ማውጣት አልነበረም። አላልኩም። የመጽሐፉን ገጽ በእርጥብ ጣቴ ነካሁና «ከእኛ ቤት የወጣ ነገር አስጠርጥሮሽ ያውቃል?» አልኳት። ስስቅም ትዝ ይለኛል። እንዴት ያለ ውብ ነገር ነው ብላኝ ነበርና። ሠላሳ ዓመት ከሠራሁት ሁሉ «ውብ» የተባለልኝ እሱ ብቻ ነው።

አዲሱ ዝም በሉ ያለን ኦክቶበር 1 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩትን ቀኖች ማን ዝም አሰኘኝ?

ኖቬምበር 12፣ ሐሙስ

አራሚው ሻዩን አስቀምጦ ድንገት፣ «የእህትሽ ልጅ የምታጠናው ስለ ምን ነበር ያልሽኝ?» አለ።

«ስለ ቁጥር።»

«ስለ የትኛው ቁጥር?»

ሻዬን ማማሰል ጀመርኩ። ቅንድቡ አልተነሳም።

«ዲፌንሷ መቼ ነው?»

«ነገ።»

«ሂጂ» አለኝ። «አሁኑኑ ተነሺና ሂጂ። አዲሱ ቢጠይቅ እኔ አለሁ። ሂጂ አንቺ ሴትዮ!»

ሄድኩ። ማደሪያቸው ድረስ ሄድኩ። የታችኛው ፎቅ መስኮት ክፍት ነበር። ለጓደኞቿ እየተለማመደች ነው፤ አንድ እጇ ከጀርባዋ። አንዷ ድምፅዋን አወፍራ መጋዙን ሆና «ማስረጃ! ማስረጃ!» ስትላት ሁሉም በሳቅ ወደቁ። እሷም።

ተመለስኩ። በእግሬ። ለአራሚው «ነገርኳት» እለዋለሁ።

ኖቬምበር 13፣ አርብ

ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ፈታኞች፣ አንድ ጆግ ውሃ። ሃያ ያህል ሰው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። አርባ ደቂቃ ተናገረች፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናቀፈችም። መጋዙ ትንሽዬ ሰው ነው፣ ድምፁ ለስላሳ።

«መቅድምሽን ወድጄዋለሁ» አላት። «አያትሽ ግንበኛ ነበሩ?»

ሳቅ።

«ቢሆኑማ ቤት እንወርስ ነበር» አለች። ሳቁ ጨመረ። እሱም ሳቀ።

«እንግዲያው ወደ ድንጋዩ እንሂድ። የት ነው ያለው? አሥር ቀን ሙሉ ፈልጌ አጣሁት። የእኔ ስንፍና ይሆናል።»

«እድለኛ ነኝ» አለች ጉንዳኔ። «ሰንጠረዡን ያዘጋጁት አክስቴ እዚሁ አሉ። እቴቴ፣ እስቲ ንገሪያቸው።»

ዞራ ተመለከተችኝ። ፈገግ ብላ። ሁሉም ዞሩ።

ተነሳሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ተዘጋጅቶ አፌ ውስጥ ነበር፤ «በጦርነቱ ጊዜ ከሙዚየሙ ጠፋ» የሚል። ማን እንዳዘጋጀው አላውቅም። ለስላሳ ነበር፣ የሚታመን ነበር፣ የሙዚየሙ ስም እንኳ ተከትሎ እየመጣ ነበር። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። መጋዙን አልነበረም የፈራሁት።

«ድንጋዩ የለም» አልኩ።

«ጠፋ ማለትዎ ነው?»

«አልነበረም። ግንበኛውም አልነበረም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

የጉንዳኔ ፈገግታ ወዲያው አልሄደም። ፊቷ ላይ ረስታው ነበር። ጆጉ ያለበት ጠረጴዛ ላይ በሁለት እጇ ተደገፈች።

«ሳህን ስታጥቢ የጠየቅሁሽ ቀን» አለች። ጮክ አላለችም። «ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። ወደ ፈታኞቹ ዞረችና፣ «ምዕራፍ አራትን አንስቼዋለሁ፤ ስለ ሌሎቹ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ» አለች። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። ጠየቋት። መለሰች። ሃያ ደቂቃ መለሰች። እኔ እስከ መጨረሻው ቆሜ ነበር፤ ተቀመጪ ያለኝ የለም፣ መቀመጥ እንደምችልም አልመሰለኝ።

ውሳኔው አላለፈችም የሚል ነው። በስድስት ወር ውስጥ በአዲስ መልክ አዘጋጅታ ታቅርብ። መጋዙ እጇን ጨበጣት። በአጠገቤ ሲያልፍ ራሱን ዝቅ አደረገልኝ፣ ለሐዘንተኛ ዝቅ እንደሚደረገው።

በኋለኛው በር ወጥታለች። ስልኳ አይነሳም።

ኖቬምበር 16፣ ሰኞ

አዲሱ ጮኸብኝ። «አንድ ሳምንት! አንድ ሳምንት መጠበቅ አቃተዎት?» ነገሩ ሌባው አሳታሚ ጆሮ ደርሷል። «ተሳስተን ነው» ብሎ ይቅርታ አትሟል፤ ክሱ ምን ይሁን ገና አልታወቀም። ገጽ 311 ከማተሚያ ቤት ተመልሷል። ዘጠኝን በራሴ እጅ ሰረዝኩት። አራሚው በመስኮቱ ወደ ውጭ ይመለከት ነበር። ሻይ አላመጣልኝም።

ኖቬምበር 19፣ ሐሙስ

ዛሬ መጣች። ቁልፍ እያላት አንኳኳች።

«ጤና ይስጥልኝ» አለች። «መጻሕፍቴን ልወስድ ነበር፣ ካልተቸገሩ።»

ካልተቸገሩ አለችኝ። ልጄ። አንቱ ብላኝ አታውቅም፤ ለሰው ስታወራ ነው እንጂ።

ገባች። ሁለት ካርቶን ሞላች። ፕላስተሩን ያዝኩላት፤ «አመሰግናለሁ» አለች። ከስታለች። በላሽ ወይ ልላት ፈለግሁ፤ የምጠይቅበት መብት የትኛው ኪሴ ውስጥ እንደቀረ አላውቅም። አንዱን ካርቶን ይዛ ወረደች። ለሁለተኛው ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት።»

«ጠይቂኝ።»

«አያቴ አለች የተባለው። አሥር፣ አንዱ የቀረ። እናቴ የነገረችኝ ይመስለኝ ነበር። ሳስበው ሰነበትኩ፤ የእናቴን ድምፅ አላገኘሁትም። የማገኘው የእርስዎን ነው።» አቆመች። «በእርግጥ ብላለች?»

«ብላለች። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናትሽም ሰምታለች።»

«ሌላስ የሰማ አለ?»

አሰብኩ። በእውነት አሰብኩ። ወንድሞቼና እህቶቼ አፈር ለብሰዋል። የቀረው ታላቅ ወንድሜ ብቻ ነው፤ ባለፈው ልጠይቀው ስሄድ እኔን እናቱ መስዬው «እማዬ» ሲለኝ ዋለ።

«እኔ ብቻ ነኝ» አልኳት።

ረጅም ጊዜ ተመለከተችኝ። ልታምነኝ እየሞከረች ነበር፤ ሙከራው ፊቷ ላይ ሲደክም አየሁት።

«አንድ ምንጭ» አለች፣ ለራሷ።

ካርቶኑን አነሳች። ደረጃውን ስትወርድ እርምጃዋን ቆጠርኩ። መታጠፊያው ላይ ከብዷት አሳረፈችው። ልውረድና ላግዛት ብዬ በሩን ያዝኩ። ከዚያ እንደገና አንስታው ወረደች።